ምጣዱ ደህና ሆኖ ገመዱ ለምን ቀለጠ?



በዚህ ወር ስለ ሌላ ርዕስ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ይሁንና ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ ጥያቄ አለና እሱን ማስቀደሙን መረጥኩ። የጥያቄው ባለቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ እናቷ ለኢፍጣር እንጀራ እየጋገሩ ነበር። የግድግዳው ሶኬት ከምጣዱ ስለሚርቅ የምጣዱ ስፒና የተሰካው ዲቫይደር ላይ ነው። የዲቫይደሩ ገመድ ደግሞ ሰው እንዳያደናቅፍ ተብሎ ተጠቅልሎ ከምንጣፍ ሥር ገብቷል። በዚያው ዲቫይደር ላይ ለሾርባው የሚሆን ውሃ በካትል ይፈላል። ሊጡ ሳይጋመስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። አባቷ ሮጠው ከቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አጠፉ። ምንጣፉ ሲገለጥ ከሥሩ ጠቁሯል፤ ገመዱ እንደ ሻማ ቀልጧል፤ ስፒናውም ከዲቫይደሩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል። አልሐምዱሊላህ፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። በማግስቱ ምጣዱ በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሲሰካ ምንም እንዳልተፈጠረ ይግል ጀመር።

«ቲቸር፣» አለችኝ፣ «እንዲግል የተሠራው እኮ ምጣዱ ነው። ኮረንቲውን የሚበላውም እሱ ነው። ታዲያ ምጣዱ ደህና ሆኖ ገመዱ ለምን ቀለጠ?»

ጥያቄውን መልሼ ለክፍሉ ሰጠሁት። አንዱ «ዲቫይደሩ ፎርጅድ ስለሆነ ነው» አለ። ሌላው «መብራቱ ኃይለኛ ሆኖ መጥቶ ነው» አለ። ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ጎበዝ የሚባለው ተማሪ የሰጠው መልስ ነው። «ኮረንቲው መጀመሪያ የሚያገኘው ገመዱን ነው፤ ምጣዱ ጋ ሲደርስ ግማሹ አልቋል» አለ። ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል «ቪ እኩል ይሆናል አይ ሲባዛ አር» የሚለውን ቀመር በቃሉ የማይወጣ አንድም አልነበረም።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን ነገር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ኡስታዛችን መጀመሪያ መትኑን በቃላችን ያስይዙናል፤ ቀጥሎ ግን ሸርሑ አለ፣ እያንዳንዱ ቃል ይፈታል። መትኑን ይዞ ሸርሑን ሳይሰማ የሄደ ደረሳ ተማረ አይባልም። በፊዚክስ ግን አብዛኞቻችን መትኑን ሸምድደን ፈተናውን አልፈን ሄድን። እንግዲህ ዛሬ ወደ ሸርሑ እንግባ።

ተስቢሑ ምን ይነግረናል?

የመዳብ ሽቦ ባዶ ቧንቧ አይደለም። ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በውስጡ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ በሚችሉ ኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው። ባትሪ ወይም መብራት ኃይል ኤሌክትሮን አምርቶ አይልክልንም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር በሽቦው ውስጥ አስቀድመው ያሉትን መግፋት ነው።

ይህን ለመረዳት እጃችሁ ላይ ያለውን ተስቢሕ ተመልከቱ። ክሩ ዙሪያውን ገጥሞ የተቋጠረ ነው፤ ዶቃዎቹም ዙሪያውን ሞልተውታል። አሁን በጣም ረጅም የሆነ ተስቢሕ አስቡ። ሦስት ሰዎች በክፍሉ ውስጥ ተራርቀው ቆመው ተስቢሑ በሦስቱም እጅ ውስጥ ያልፋል። አንደኛው ሰው ክሩን ከነዶቃው ያለማቋረጥ ይስባል፤ እሱ ባትሪው ነው። ሁለተኛው በሁለት ጣቱ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ እሱ አምፖሉ ወይም ምጣዱ ነው። ሦስተኛው ለቀቅ አድርጎ በእጁ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ እሱ ገመዱ ነው።

የመጀመሪያው ሰው መሳብ ሲጀምር ዶቃዎቹ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ማብሪያውን ስንጫን መብራቱ ወዲያው የሚበራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው እጅግ ዘገምተኞች ናቸው፤ በእጅ ባትሪ ሽቦ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጓዙም። ነገር ግን ሽቦው ሙሉ ስለሆነ እዚህ ሲገፋ እዚያ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በሁለተኛው ሰው ጣት መካከል በደቂቃ 50 ዶቃ ቢያልፍ፣ በሦስተኛው ሰው እጅ ውስጥ ስንት ያልፋል? 50 ነው። ከዚያ በላይም በታችም ሊሆን አይችልም፤ ቀለበቱ ላይ የትም ቦታ ዶቃ አይጠፋም፣ አይጨመርምም። ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሰው ዶቃ አልበላም፤ የእሱ ጣቶች የሚሞቁት ዶቃው እየተፋተገ ስለሚያልፍ ነው። ያ ሙቀት ከየት መጣ ካላችሁ፣ የመጣው ከሳቢው ሰው ጉልበት ነው። የሚደክመውም እሱ ነው።

ስለዚህ «ምጣዱ ኮረንቲ ይበላል» የምንለው አነጋገር የለመድነው ይሁን እንጂ ትክክል አይደለም። ወደ ምጣዱ የገባው ኮረንቲ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይወጣል። የሚበላው ጉልበቱ፣ ማለትም ኢነርጂው ነው። ቆጣሪያችንም የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት እንጂ የኤሌክትሮን ብዛት አይደለም፤ ሒሳብ የምንከፍለውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ቃላት በዚሁ እንተርጉማቸው። ሳቢው ሰው የሚስብበት ብርታት ቮልቴጅ ነው፤ በቮልት ይለካል። በአንድ ቦታ በሰከንድ የሚያልፈው የዶቃ ብዛት ኮረንቲ ነው፤ በአምፔር ይለካል። አንድ አምፔር ማለት በሰከንድ 6.24 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮን በአንድ ቦታ አለፈ ማለት ነው። የጣቶቹ አያያዝ ደግሞ ሬዚስታንስ ነው፤ በኦም ይለካል። ብርቱ ሳቢ ብዙ ያሳልፋል፤ ጠንካራ መያዝ ጥቂት ያሳልፋል። ቮልቴጅ የኮረንቲና የሬዚስታንስ ብዜት ነው የሚለው ቀመር የሚናገረው ይህንኑ ነው።

የቀመሩ ባለቤት ጌኦርግ ሲሞን ኦም እንደኔው የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የቁልፍ ሠሪ ልጅ ሲሆን በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር ነበር። የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እየቀያየረ ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። በአገሩ የተቀበለው ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም ቅር ብሎት የኮሎኝ ሥራውን ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያውን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1841፣ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በየፈተናው በ10 ሰከንድ የምንጽፈው ነገር እንዲህ ተለፍቶበታል።

በድንጋይና በአምፖል

ከእኔ ቃል ይልቅ ዓይናችሁን ብታምኑ እመርጣለሁ። ስለዚህ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት አንድ ዓይነት የሆኑ ትንንሽ የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ ጥቂት ቀጭን ሽቦና ናስትሮ ፈልጉ። አምፖሎቹ በውስጣቸው ክር ያላቸው የድሮዎቹ ይሁኑ፤ የዛሬዎቹ ኤልኢዲዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠሩና ጠባያቸውም ስለሚለይ ለዚህ ሙከራ አይመቹም። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ይህን ሙከራ በድንጋይ እንጂ በምንም ዓይነት ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዳትሞክሩት። የድንጋዩንም ሁለት ጫፍ ያለ አምፖል በባዶ ሽቦ አታገናኙ፤ ሽቦው ወዲያው ይግላል፣ ድንጋዩም ይበላሻል።

እያንዳንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ሲደረደሩ 3 ቮልት ይሆናሉ። ለሒሳቡ እንዲመቸን የአምፖሉን ሬዚስታንስ 10 ኦም እንበለው። (በእውነቱ የአምፖል ክር ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ በመሣሪያ የሚለካ ሰው ከዚህ ጥቂት የተለየ ቁጥር ቢያገኝ እኔን አይክሰስ።) አንድ አምፖል ብቻ ሲገናኝ 3 ለ10 ሲካፈል 0.3 አምፔር ያልፋል።

አሁን ሁለቱን አምፖሎች በተከታታይ፣ ማለትም በሲሪየስ አገናኙ፤ ሽቦው ከድንጋዩ ተነስቶ በአንደኛው አምፖል፣ ቀጥሎ በሁለተኛው አልፎ ወደ ድንጋዩ ይመለስ። ነገር ግን ከማገናኘታችሁ በፊት የትኛው አምፖል ይበልጥ እንደሚደምቅ ግምታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። በእኔ ክፍል አብዛኞቹ «የመጀመሪያው» ብለው ጻፉ፤ ኮረንቲው ሳያልቅ የሚያገኘው እሱ ነዋ! ሲገናኝ ግን ሁለቱም እኩል ፈዘው በሩ። ቦታቸው ቢቀያየርም፣ ድንጋዩ ቢገለበጥም ያው ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ከአንድ ወር ማስታወሻ ይበልጥ እንዳስተማራቸው አምናለሁ።

የፈዘዙበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው። ሁለት ሰው ተስቢሑን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ በሁሉም ቦታ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ሬዚስታንሱ 20 ኦም፣ ኮረንቲውም 0.15 አምፔር ሆነ። አንዱን አምፖል ብትነቅሉ ሌላውም ይጠፋል፤ ክሩ ተበጥሷልና።

ቀጥሎ ጎን ለጎን፣ በፓራለል አገናኟቸው፤ እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው ሁለቱን የድንጋይ ጫፎች ይንካ። ሁለቱም እንደ መጀመሪያው አንድ አምፖል ደምቀው ይበራሉ፣ አንዱን ብትነቅሉም ሌላው አይጠፋም። ተማሪ እዚህ ሲደርስ «ይኼማ ትርፍ ነው!» ይላል። ትርፍ አይደለም። በእያንዳንዱ አምፖል 0.3 አምፔር ያልፋል፤ ከድንጋዩ በሚወጣው የጋራ ሽቦ ላይ ግን 0.6 አምፔር ተሸክመናል። ሦስተኛ ብንጨምር 0.9 ይሆናል። የጋራው ሽቦ የሁሉንም ድምር ይሸከማል፤ ድንጋዩም በዚያው ልክ ቶሎ ይደክማል።

ቤታችን የተዘረጋው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ነው። የሳሎኑን አምፖል ስናጠፋ ፍሪጁ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። ዲቫይደርም ማለት አንድ የጋራ ገመድ ላይ የተደረደሩ የጎንዮሽ መንገዶች ማለት ነው። ሦስት ወይም አምስት ቀዳዳ ስላለው ሦስት ወይም አምስት እጥፍ ተሸካሚ አልሆነም፤ ገመዱ ያው አንድ ነው።

ወደ ምጣዱ እንመለስ

በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዶች አብዛኞቹ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይደርሳሉ፤ 3500 እንበል። ዋቱን ለቮልቱ ስናካፍለው አምፔሩን እናገኛለን፤ 3500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ካትሉ 2000 ዋት ቢሆን 9 አምፔር ይጨምራል። በዚያች ሰዓት በዲቫይደሩ ገመድ ውስጥ 25 አምፔር ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ የተቃጠለውን ገመድ ቁራጭ ይዛ መጥታ ነበር። በላስቲኩ ላይ 0.75 የሚል ቁጥር ይታያል። የመዳቡ ውፍረት 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ገመድ ለ6 አምፔር ገደማ የሚሆን ነው፤ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ ቻርጀር፣ ለጠረጴዛ መብራት።

አሁን ሙቀቱን እናስላ። በማንኛውም ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የኮረንቲው ብዜት በራሱ፣ እንደገና ሲባዛ በሬዚስታንሱ ነው። «በራሱ» የምትለዋን ቃል አትለፏት። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ገመዱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ መመለሻው 6 ሜትር መዳብ ነው፤ ሬዚስታንሱ 0.14 ኦም ያህል ይሆናል። ከምጣዱ 14 ኦም ጋር ሲወዳደር አንድ መቶኛ ብቻ ነው፣ ኢምንት። ምጣዱ ብቻ ሲሠራ ግን በዚህች ኢምንት ላይ 35 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ካትሉ ሲጨመር ወደ 87 ዋት ይጠጋል። ገመዱ ተዘርግቶ አየር ቢያገኝ ምናልባት ይህን ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ይበትነው ነበር። እዚህ ግን ተጠቅልሎ እርስ በርሱ እየተሟሟቀ፣ በላዩም ምንጣፍ እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር። የተለመደው የገመድ ላስቲክ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በላይ ይለሰልሳል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ይቀራረባሉ፤ ሲነካኩ ደግሞ ሬዚስታንስ የሌለው መንገድ ተከፈተ ማለት ነውና ብልጭታና እሳት ይከተላል።

የተጣበቀው ስፒናስ? እሱ የራሱ ታሪክ አለው። አሮጌ ዲቫይደር ውስጡ ያለው ናስ ይላላል፤ ስፒናውን አጥብቆ አይዝም። እንዲህ ያለው የላላ መገናኛ 0.2 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው 16 አምፔር ሲያልፍበት 50 ዋት ገደማ ሙቀት ይፈጥራል። የሬዲዮ ጠጋኞች ብየዳ የሚሠሩበትን ካውያ አይታችኋል? አብዛኛው ከ30 እስከ 60 ዋት ነው። እርሳስ ያቀልጣል። እንግዲህ ቤተሰቡ ሳያውቀው የጋለ የብየዳ ካውያ ፕላስቲክ ውስጥ ሰክቶ ምንጣፍ ጣል አድርጎበት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምጣዱ ለምን ደህና ሆነ? የምጣዱ ሽቦ ከኒክሮም የተሠራ ነው፤ ሲግል አይቀልጥም፤ ከሸክላው ሥር ተዘርግቶ ሙቀቱን ወደ ላይ ለእንጀራው ያስረክባል። ለመጋል ተሠርቷል፣ መውጫም አለው። ገመዱ ግን ያንኑ 16 አምፔር፣ አንድም ሳይጎድል፣ ተሸክሞ ለመጋል አልተሠራም። የጎበዙ ተማሪያችን ስህተት አሁን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይታያችኋል? ኮረንቲ ምጣዱ ላይ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ከምጣዱ የሚመለሰው ሽቦ የቱንም ያህል ቢቀጥን ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን አያልቅም። ምጣዱ የጠየቀውን ሁሉ፣ በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሽቦ፣ እያንዳንዱ ስፒና፣ እያንዳንዱ ብሎን እኩል ይሸከማል።

ብሬከሩስ የት ሄዶ ነው?

ይህን የጠየቁኝ የልጅቷ አባት ናቸው። «ብሬከር አለን፤ ለምን አልቆረጠም?» አሉኝ። ብሬከራቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር 32 ነው። 25 አምፔር ለእሱ ምንም አይደለም። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋውን ወፍራም ሽቦ ነው፤ እኛ ከሱቅ ገዝተን የሰካነውን ቀጭን ገመድ አያውቀውም። የላላውን ስፒናማ ጭራሹን አያየውም፤ በላላ መገናኛ ምክንያት ኮረንቲው አይጨምርም፣ እንዲያውም ጥቂት ይቀንሳል። ብሬከሩ እንደታዘዘው ሠርቷል፤ ያዘዝነው ሌላ ነገር ነው።

የድሮ ቫልቮላ ያላችሁ ቤቶችም አላችሁ። ቫልቮላ ማለት ከሌላው ሽቦ ሁሉ ቀድሞ እንዲቀልጥ ሆን ተብሎ የቀጠነ ሽቦ ነው። እሱ ሲቃጠል «ዳግመኛ እንዳያስቸግረን» ብሎ ወፍራም ሽቦ የሚጠመዝዝበት ሰው አለ። ይህ ሰው ዘበኛውን አባሮ በሩን ክፍት እንደተወ ይቁጠረው።

ለምጣድ የሚሆነው የራሱ የሆነ የግድግዳ ሶኬት ነው። ሽቦውም ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ከተቻለ 4፣ ሥራውንም ባለሙያ ይሥራው። በየትኛውም ዲቫይደር ላይ ምጣድ አይሰካ። ከተጠቀማችሁ በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ስፒናውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለብ ካለ ችግር የለም፣ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን መገናኛው ላልቷልና ይቀየር።

ስለ እጅ ካነሳሁ አይቀር ውዱእን ሳላነሳ አላልፍም። ደረቅ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ሬዚስታንስ አለው። ሲርስ ግን ወደ አንድ ሺህ ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ነው። ለሰው ልብ ደግሞ ከ0.03 አምፔር ጀምሮ አደገኛ ነው፤ 0.1 አምፔር ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ባዶ እግራችሁን እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ፣ ውሃው ከክንዳችሁ እየተንጠባጠበ ማብሪያ አትንኩ፣ ስፒና አትንቀሉ። በየመስጂዱ የውዱእ ቦታ ላይ ያሉ ማብሪያዎች ከእርጥበቱ ርቀው እንዲተከሉ የመስጂድ ኮሚቴዎች ቢያዩት መልካም ነው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው ደግሞ በባዶ እጅ አትጎትቱት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ካልሆነ በደረቅ እንጨት አላቁት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ወንድም «ይህ የመብራት ኃይል ጉዳይ ነው፤ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» ሊል ይችላል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ያስታውስ። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው እሳት ለሰው ጠላት መሆኑን ገልጸው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። በሌላ ዘገባ ምክንያቱ ጭምር ተጠቅሷል፤ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል ትችላለችና። ኢማም አን-ነወዊ ሐዲሱን ሲያብራሩ ትእዛዙን ከምክንያቱ ጋር አያይዘው ነው ያዩት፤ የተሰቀለ ቀንዲል እሳት ያስነሳል ተብሎ የሚፈራ ከሆነ በትእዛዙ ውስጥ ይገባል፣ የማይፈራ ከሆነ ግን ቢበራም ችግር ያለው አይመስልም ብለዋል። ዒላው ባለበት ሑክሙ አለ ማለት ነው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ነገር ግን ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር ያለ ገመድና የአይጧ ክር የሚለያዩበት ነገር ለእኔ አልታየኝም። ወላሁ አዕለም።

ተማሪዎች፣ የዚህ ወር የቤት ሥራ የሚከተለው ነው። ቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብባችሁ ለ220 አካፍሉ፤ ዝርዝሩን ለእናታችሁና ለአባታችሁ አሳዩ። ከዚያ ይህን መልሱ፦ 10 አምፔር የሚል የተጻፈበት፣ ገመዱም ለዚያው የሚበቃ ዲቫይደር ላይ 2000 ዋት ካትል፣ 1200 ዋት የልብስ ካውያ፣ 150 ዋት ፍሪጅና 100 ዋት ቴሌቪዥን ተደርድረዋል። የትኞቹ አብረው መሥራት ይችላሉ? የትኞቹስ ፈጽሞ አይገናኙም? የምጣዱን ነገር አልጠየቅኋችሁም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።